ኩሉ ተከልክሎ ቀንዱ የተፈቀደበት ምክንያት

ውድ እህቴ፣ እናትዎ ከአዲስ አበባ የሚልኩልዎትን የሐበሻ ቀሚስ፣ በርበሬ፣ ኩል፣ የብር መስቀልና አንድ የቆየ የብራና መጽሐፍ ሜሪላንድ ሆነው በኢንተርኔት ለመሸጥ አስበው፣ ከእነዚህ የትኛውን ማቅረብ እንደሚፈቀድ ጠይቀዋል። እኔ ቨርጂኒያ ሆኜ በዚሁ ሥራ ላይ ስምንት ዓመት ቆይቻለሁ። በእነዚህ ዓመታት ሰባት ዕቃዎች ከገበያ ተነሥተውብኛል፤ አካውንቴም አንድ ጊዜ ለሦስት ሳምንት ታግዶብኛል። ከሰባቱ መካከል ዕቃው ራሱ ክልክል ሆኖ የተነሣብኝ አንዱ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹን ያስነሣቸው እኔው በእጄ የጻፍኩት መግለጫ ነው። ስለዚህ ስለ ዕቃው ስመልስልዎ ምን ብለው እንደሚጽፉበትም አብሬ እነግርዎታለሁ።

በቀሚሱ ልጀምር። ኤትሲ የተባለው የእጅ ሥራ ዕቃዎች የኢንተርኔት ገበያ በዋናነት የሚቀበለው ሻጩ ራሱ የሠራውን ወይም ንድፉን ያወጣውን ዕቃ፣ ቢያንስ 20 ዓመት የሞላውን አሮጌ ዕቃ እና ለእጅ ሥራ የሚሆን ግብዓትን ነው። እናትዎ ሽሮ ሜዳ ሄደው ሱቅ ውስጥ የተሰቀለ ቀሚስ ገዝተው ከላኩልዎ፣ ቀሚሱ በእጅ የተሸመነ ቢሆንም እንኳ የእርስዎ የእጅ ሥራ ተብሎ ሊቀርብ አይችልም፤ ገዝቶ መሸጥ ነውና። የጥበቡን ንድፍና ቀለም እርስዎ አውጥተው፣ ልኩንም ሰጥተው ሸማኔው ከሠራልዎ ግን ንድፍ አውጪዋ እርስዎ ይሆናሉ፤ የሸማኔውም ድርሻ በመግለጫው ውስጥ በግልጽ መነገር አለበት። እኔ ለያንዳንዱ አዲስ ንድፍ ድሩ ከተዘረጋበት ጊዜ ጀምሮ ጥበቡ እስኪያልቅ ድረስ ሦስት አራት ፎቶ እንዲነሣልኝ የሸማኔውን ልጅ እጠይቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ቀሚሱ ከፋብሪካ የወጣ መስሏቸው ማስረጃ ሲጠይቁኝ፣ ጥበቡ ገና ግማሽ ላይ ሳለ፣ መወርወሪያው በሸማኔው እጅ እንዳለ የተነሣው ፎቶ ያለ ብዙ ክርክር ነገሩን ዘግቶልኛል።

በቃላት ረገድ የደረሰብኝን ብነግርዎ ይስቁ ይሆናል። በአንድ የገበያ መድረክ ላይ ያልተነከረ የጥጥ ነጠላ ሳቀርብ፣ ቀለሙን በእንግሊዝኛ «አይቮሪ» ብዬ ጻፍኩ። ቃሉ ፈዛዛ ነጭ ማለት ቢሆንም የዝሆን ጥርስም ስሙ ነውና፣ በማግስቱ ነጠላዬ «ከተከለከሉ የእንስሳት ውጤቶች» ተመድቦ ተነሣ። ሌላው የኢንተርኔት ገበያ ኢቤይ የዝሆን ጥርስን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ አግዷል፤ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥትም በ2016 የአፍሪካ ዝሆን ጥርስ ንግድን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ዘግቷል። ስለዚህ የመድረኩ ማጣሪያ ቃሉን ሲያይ ቢደነግጥ አልፈርድበትም። «ወተት መሳይ ነጭ» ብዬ ስመልሰው ያለ ችግር ተሸጠ።

ኩሉ አይፈቀድም፤ በእውነት ክልክል የሆነብኝ አንዱ ዕቃ እርሱ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ኩልን ለመዋቢያ ከተፈቀዱ ማቅለሚያዎች ውስጥ አላስገባውም፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ይገኝበታል። እኔ ኩሉን በቀንድ መያዣው ውስጥ እንዳለ አቅርቤው ነበር። ሲነሣብኝ መያዣውን ባዶ አደረግኩና በደንብ አጥቤ፣ ኩል የሚለውን ቃል ከርዕሱ አውጥቼ፣ «በእጅ የተቀረጸ የበሬ ቀንድ» ብዬ አቀረብኩት፤ ተቀባይነትም አገኘ። የበሬ መሆኑን መጻፍዎን አይርሱ፤ ቀንድ ብቻ ካሉ የዱር እንስሳ ነው ብለው ይጠረጥራሉና።

በርበሬው ላይ እናትዎ ቅር እንዳይሰኙ እንጂ፣ እርሳቸው በቤታቸው አዘጋጅተው በስጦታ የሚልኩልዎትና ለሽያጭ የሚመጣው በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። ለንግድ የሚገባ ምግብ አሜሪካ ከመድረሱ በፊት ለምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ ማሳወቅ ግዴታ ሲሆን፣ ግለሰብ በቤቱ ሠርቶ በስጦታ የሚልከው ከዚህ ነፃ ነው፤ ነፃነቱ ግን ስጦታውን ለመሸጥ አያገለግልም። እዚህ በራስዎ ማድ ቤት ቢያዘጋጁትም የግዛትዎን የቤት ውስጥ ምግብ ሕግ ማየት ይኖርብዎታል፤ ብዙዎቹ ግዛቶች ከክልላቸው ውጭ መላክን አይፈቅዱም። ጥቁር አዝሙድ ለብቻው ከሸጡ ደግሞ «ለስኳር በሽታ» ወይም «ለደም ግፊት» የሚል ቃል በጭራሽ አይጻፉ። ያ አንድ ሐረግ ቅመሙን በሕግ ፊት ያልተፈቀደ መድኃኒት ያደርገዋል፤ እኔም ሁለት ዕቃ ያጣሁት በዚሁ ምክንያት ነው።

መስቀሉ አዲስ ከሆነ ችግር የለውም፤ የብሩ ንጽሕና ካልተመረመረ ግን ንጹሕ ብር ነው አይበሉ። የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር የተንጠለጠለበት ድሪ ካለዎት በተለይ ይጠንቀቁ። በጠገራው ላይ 1780 የሚል ዓመት ስላለ ብዙ ሰው «የ18ኛው ክፍለ ዘመን» ብሎ ይጽፋል፤ ሆኖም ያ ሳንቲም ከንግሥቲቱ ሞት በኋላም ዓመቱ ሳይለወጥ በተለያዩ አገሮች እስከ ቅርብ ጊዜ ሲመታ ኖሯልና ቁጥሩ ስለ ዕድሜው ምንም አያረጋግጥም።

የብራናውን መጽሐፍ ግን አያቅርቡት። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ ኢቤይም ጥንታዊ ቅርስ የሚሸጥ ሰው ሕጋዊ አመጣጡን እንዲያስረዳ ይፈልጋል። በቤተሰብ እጅ የቆየ መሆኑ ብቻውን የመውጫ ፈቃድን አይተካም። ገና ካልተላከም እዚያው እንዲቆይ ለእናትዎ ቢነግሯቸው ይሻላል።

የቀረው የእርስዎ የራስዎ መረጃ ነው። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የፌዴራል ሕግ መሠረት፣ በተከታታይ 12 ወራት ውስጥ 200 ሽያጭ የደረሰና ቢያንስ 5,000 ዶላር ያስገባ ሻጭ የባንክ ሒሳቡን፣ የግብር መለያ ቁጥሩንና አድራሻውን ለገበያው መድረክ ማስመዝገብ አለበት። ከላይ የጠቀስኩት የሦስት ሳምንት እገዳ የመጣብኝ ይህን የሚጠይቅ መልእክት ሲደርሰኝ የአጭበርባሪ መስሎኝ ስለተውኩት ነው፤ እገዳው የወደቀውም በገና ሰሞን፣ ሰው ቀሚስ በሚፈልግበት ወቅት ነበር። እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርስዎ በውስጡ ያለውን ሊንክ አይጫኑ፤ እንደ ወትሮው በራስዎ ወደ አካውንትዎ ገብተው ይዩት፤ ጥያቄው እውነተኛ ከሆነ እዚያው ተጽፎ ያገኙታል።