የአሮጌ መኪና ፋን የኤሌክትሪክ መስመር፦ ጥያቄና መልስ

በጎጃም መንገዶች ላይ አሮጌ መኪና የሚያሽከረክሩ ወዳጆች፣ በቺንጋ (ሞተሩ በሚያዞረው ቀበቶ) የሚዞረውን የራዲያተር ፋን ወደ ኤሌክትሪክ ስለ መለወጥ ላቀረቡልኝ ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ሙያዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሆን የምሠራውም ደብረ ማርቆስ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መኪናዬ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ሜዳ ላይ ደህና ትሄዳለች፤ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ከከባድ መኪና ኋላ ስወጣ ግን ውኃዋ ይፈላል። ኤሌክትሪክ ፋን ባስገባላት ይሻላታል?

መልስ፦ ለዚያ ዳገት ኤሌክትሪክ ፋን የመጀመሪያው መፍትሔ አይደለም። በቺንጋ የሚዞር ፋን ፍጥነቱን የሚያገኘው ከሞተሩ በመሆኑ፣ በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ እየጮኸ ሲወጣ እሱም አብሮ በኃይል ይዞራል፤ ድክመቱ የሚታየው ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ፣ ለምሳሌ በገበያ ቀን መንገድ ተዘግቶ ሲቆሙ ነው። ዳገት ላይ ብቻ የሚፈላ መኪና በአብዛኛው ራዲያተሩ ተደፍኗል፣ ቺንጋው ላልቷል ወይም የራዲያተር ክዳኑ ግፊት አይዝም። ክዳኑን አይናቁት። ደጀን 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ክፍት ውኃ እዚያ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ የመኪናው ባለ 0.9 ባር ክዳን በሚገባ ከያዘ ግን እስከ 110 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል። እነዚህን ሦስቱን ሳያዩ ለፋን ገንዘብ አያውጡ።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ራዲያተሩ ታጥቧል እንበል። ፋኑን ከቁልፉ መስመር ላይ በቀጥታ ማገናኘት አይቻልም? ሪሌ የግድ ነው?

መልስ፦ የግድ ነው። ሪሌ ማለት በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ትልቁን መስመር የሚያገናኝ ማብሪያ ነው። ሥራ ስጀምር ያለ ሪሌ አገናኝቼ መኪናውን ለባለቤቱ ካስረከብሁ በኋላ፣ በሳምንቱ ቁልፉ ሥር ያለው ገመድ ልባሱ ቀልጦ ተመልሶልኛል። 120 ዋት የሆነ ፋን በ12 ቮልት 10 አምፔር ይበላል፤ ሲነሣ ደግሞ ለአፍታ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይስባል። የአርባ ዓመት ቁልፍ ይህን እንዲሸከም አልተሠራም። ሪሌው ግን ከቁልፉ የሚወስደው ከግማሽ አምፔር በታች ነው።

በሪሌው እግሮች ላይ ቁጥር ተጽፎባቸዋል። በ30 ላይ ከባትሪው ፖዘቲቭ የመጣውን ወፍራም ገመድ ያስገባሉ፤ በዚህ ገመድ ላይ፣ በተቻለ መጠን ወደ ባትሪው ተጠግቶ፣ ለጠቀስሁት ፋን 20 አምፔር ፊውዝ ይቀመጣል። 87 ወደ ፋኑ ይሄዳል፣ 86 ቁልፍ ሲከፈት ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ መስመር ይወስዳል፣ 85 ደግሞ በቴርሞ ስዊቹ (በሙቀት ራሱ በሚበራና በሚጠፋው ማብሪያ) በኩል ማሳ (ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር የተያያዘው የመኪናው ብረት) ላይ ያርፋል። ለባትሪውና ለፋኑ መስመር 4 ካሬ ሚሊሜትር፣ ለሌሎቹ 1 ካሬ ሚሊሜትር ይበቃል። የፋኑን ማሳ ቀለም በተቀባ ቆርቆሮ ላይ አይሠሩት፤ ፍቀው ወደ ብረቱ ይድረሱ።

ቴርሞ ስዊቹ የሚያበራበት ሙቀት ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ውኃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ቫልቭ) ከሚከፈትበት ከፍ ማለት ይኖርበታል። ቴርሞስታቱ በ82 የሚከፈት ከሆነ፣ በ92 በርቶ በ87 የሚያጠፋ ስዊች ይስማማዋል፤ ከ82 በታች የሚያጠፋ ቢገዙ ግን ፋኑ ዕረፍት አያገኝም። ባለ አንድ እግር ስዊች ማሳውን የሚያገኘው በጥርሱ በኩል ስለሆነ፣ ውኃ እንዳያፈስ ብለው ጥርሱን በነጭ ፕላስቲክ ከጠቀለሉት መስመሩ ተቋርጦ ፋኑ ጭራሽ ላይነሣ ይችላል። ይህ በየወሩ ይመጣብኛል።

ጥያቄ፦ ቴርሞ ስዊቹን ትቼ ኳድሮው (ዳሽቦርዱ) ላይ በእጅ የሚበራ ማብሪያ ባደርግስ?

መልስ፦ ብቻውን አይሁን፤ ሰው ይረሳል። ከሪሌው 85 እግር ላይ ተጨማሪ ቀጭን ገመድ አውጥተው በማብሪያው በኩል ወደ ማሳ ቢወስዱት ግን ቴርሞ ስዊቹ ቢበላሽ እንኳ ከጫካ መሐል ያወጣዎታል።

ጥያቄ፦ የእኔ መኪና አልተርኔተር የላትም፤ ባለ ዲናሞ ናት። ትችለዋለች?

መልስ፦ እጠራጠራለሁ። 240 ዋት የሚሰጥ ዲናሞ (ከአልተርኔተር በፊት የነበረው የባትሪ መሙያ ጄኔሬተር) ከፍተኛው 20 አምፔር ነው፤ ከፋኑ 10፣ ከፊት መብራቶች 8 ያህል ሲቀነስ ለባትሪው የሚተርፈው ጥቂት ነው። ይባስ ብሎ ዲናሞ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ፣ ማለትም ፋኑ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ከሞላ ጎደል ምንም አያመነጭም። ወይ አልተርኔተር ያስገቡ፣ ወይ በቺንጋው ይቆዩ።

ጥያቄ፦ ለቮልስዋገን ጥንዚዛ ኤሌክትሪክ ፋን ይሠራላታል?

መልስ፦ ተዋት፤ ራዲያተርም የላት። ሞተሯን በነፋስ የሚያቀዘቅዘው ፋን ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ ላይ ስለሚዞር፣ የቻርጅ መብራት ሲበራብዎ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላልና ወዲያው ያቁሙ።

ጥያቄ፦ አዲስ ያስገባሁት ፋን ይዞራል፣ ሞተሩ ግን ከበፊቱ ይብሳል።

መልስ፦ ሁለቱ ገመዶች ተለዋውጠው ወደ ኋላ እየዞረ ይሆናል። ከሞተሩ ወገን የተቀመጠ ፋን ነፋሱን ከፊት በራዲያተሩ በኩል መሳብ አለበት፤ ቁራጭ ወረቀት ከፍርግርጉ ፊት ቢያስጠጉ ከተለጠፈ ትክክል ነው፣ ከተገፋ ገመዶቹን ያቀያይሩ።

ጥያቄ፦ የአባቴ ፔጆ 404 ፋን ሞተሩ ሞቆም ዘና ብሎ ነው የሚዞረው። ነቅዬ ኤሌክትሪክ ላድርገው?

መልስ፦ አይንቀሉት። የ404 ፋን በኤሌክትሮማግኔት የሚያያዝና የሚለቅ ነው፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ እንዲያ መዞሩ ተፈጥሮው ነው። ሞቆም ካልተያያዘ፣ ለማግኔቱ ኤሌክትሪክ የምታደርሰው ካርቦን አልቃ ወይም የሙቀት ስዊቹ ገመድ ተቋርጦ ሊሆን ስለሚችል፣ በቅድሚያ ካርቦኗን አውጥተው ይመልከቱ።