ስለ 12ኛ ክፍል ፈተና ጠይቁኝ፤ «ዘንድሮ ይከብዳል ወይ?» ግን አይመለስም

መምህሩ፦ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ከፕሪፓራቶሪ ዘመን ጀምሮ ተፈታኝ ስመዘግብና ፈታኝ ሆኜ ስሄድ ኖሬያለሁ። ስለ ኢንትራንስ የከበዳችሁን ጠይቁ። «ወረቀቱ ወጥቷል አሉ» የሚል ካለ ሌላ ቦታ ይሂድ። ከሁሉ በፊት ግን ስማችሁን አረጋግጡ። ምክንያቱን እመጣበታለሁ።

የነገው ሐኪም፦ መምህር፣ 50 ከመቶ የሚባለው በየትምህርቱ ነው ወይስ በድምሩ?

መምህሩ፦ በድምሩ። ስድስት ትምህርት ከ600 ይታሰባል፤ 300 ያመጣ አለፈ። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲቲዩድ የሁሉም ነው። ናቹራል ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ ሶሻል ደግሞ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይጨምራል። ሒሳቡ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ወረቀቱ ለየብቻ ነው። ፊዚክስ 38 ያመጣ ልጅ እንግሊዝኛ 66 ካመጣ ተካካሰ። ሲቪክስ በነበረ ጊዜ ከ700 ይቆጠር ስለነበር የታላቅ ወንድማችሁን ውጤት ከእናንተ ጋር አታነጻጽሩ።

ሶሻል ነኝ፦ የቱን ትምህርት ላስቀድም?

መምህሩ፦ እንግሊዝኛ። ታሪኩም ኢኮኖሚክሱም የሚመጣልሽ በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄው ያልገባው ልጅ መልሱን ቢያውቅ ምን ይጠቅመዋል?

ደጋሚ፦ 247 አመጣሁ። ሪሚዲያል ይደርሰኛል?

መምህሩ፦ ሪሚዲያል 50 ከመቶ ላልሞላለት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሰጥ ማካካሻ ትምህርት ነው። መቁረጫ ነጥቡ በየዓመቱ ነው የሚወጣው፤ ያምናውን ይዘህ የዘንድሮውን አትገምት። ብትገባም ማለፊያ አገኘሁ ብለህ አትዘናጋ። ከመቶ 30ው ዩኒቨርሲቲው የሚይዝልህ ነው፣ 70ው ከማዕከል የሚመጣ ፈተና ነው። እዚያም 50 ካልሞላ ፍሬሽማን፣ ማለት አንደኛ ዓመት፣ የለም።

ጨረቃ፦ 264ስ መምህር?

መምህሩ፦ ከላይ አንብቢ።

ዝምተኛው፦ 231 ላመጣስ?

መምህሩ፦ ቁጥር እየለዋወጣችሁ አንድ ጥያቄ አትጠይቁኝ! መቁረጫው ሲወጣ ትምህርት ሚኒስቴር ያሳውቃል።

የ86 ማትሪክ፦ እኛ ማትሪክ ስንወስድ ሪሚዲያል የሚባል አልነበረም። ውጤቱ በፊደል ይመጣል፣ ያለፈ አለፈ፣ የወደቀ ወደቀ። የዛሬ ልጅ ተሸክመውት እንኳ አይሻገርም።

ሶሻል ነኝ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ሰፈርዎ ተፈትነው ቤትዎ ምሳ በልተዋል። እኛን በአውቶቡስ ዩኒቨርሲቲ ወስደው፣ ስልክ አስቀምጠው፣ ዶርም አሳድረው ነው የፈተኑን። የ2014ቱ ተፈታኞች 3.3 ከመቶ፣ የ2015ቱ 3.2 ከመቶ ነው ያለፉት። ያ ሁሉ ልጅ ሰነፍ ነው?

የ86 ማትሪክ፦ ኩረጃው ሲቀር እውነቱ ወጣ እንጂ ምን ሆነ?

ሶሻል ነኝ፦ ላብራቶሪ አይቶ የማያውቅ ትምህርት ቤትስ? እሱም ኩረጃ ነው?

መምህሩ፦ ሁለታችሁም በቃችሁ። ጋሼ፣ ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ የሄደው ልጁን ለመቅጣት አይደለም። በ2008 ወረቀቱ አፈትልኮ ፈተናው ሲሰረዝ፣ ልጆቹ እንደገና ሐምሌ ሲቀመጡ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ያጠናውም ያላጠናውም እኩል ተንገላታ። አንቺም ብትሆኚ 2016 ላይ 5.4፣ 2017 ላይ 8.4 ከመቶ መድረሱን ጨምረሽ ተናገሪ። ትንሽ ነው፣ አልካድኩም። የላብራቶሪው ነገር እውነትሽን ነው፤ እዚህ ግን አንፈታውም። ወደ ጥያቄያችሁ።

ጨረቃ፦ መልስ መቀየር ይቻላል? ለስህተትስ ይቀነሳል?

መምህሩ፦ አይቀነስም፤ ስለዚህ ባዶ የሚተው ክብ የለም። ቀይሪ፣ ግን የፊተኛው ጥላ እንኳ እንዳይቀር በላጲስ አጥፊ። የሚያነበው ማሽን ነው፤ ሁለት ጥቁር ካየ «የትኛውን ማለቷ ነው?» ብሎ አይጨነቅልሽም።

በአንድ ዓመት የደረሰውን ልንገራችሁ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ከፊት ወንበር። 23ኛው ጥያቄ ከበደውና ለኋላ ብሎ ዘለለው። የ24ቱን መልስ ግን በ23ቱ መስመር አጠቆረ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጣ። አሥር ደቂቃ ሲቀር እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ጥያቄው አለቀ፣ አንድ ክብ ተረፈኝ» አለኝ። ምን ልበለው? ፈታኝ ነኝ፣ ማገዝ አልችልም። ላቡ መልስ ወረቀቱ ላይ ሲንጠባጠብ እያየሁ ሰዓት ሞላ። ጥያቄ ስትዘሉ ጥያቄው ላይም መልስ ወረቀቱም ላይ ጣታችሁን አድርጉ። በየአሥሩ ቁጥር ቆም ብላችሁ አመሳክሩ። የቡክሌት ኮዱን ደግሞ ከስማችሁ ቀጥሎ፣ አንዲት ጥያቄ ሳትነኩ አጥቁሩ። ኮዱ ከተሳሳተ መልሳችሁ የሚታረመው በሌላ ቡክሌት መልስ ነው።

ዝምተኛው፦ እኔ በኦንላይን ነኝ።

መምህሩ፦ እንግዲያው ከእርሳስ ተገላገልክ። ስምህን ግን አረጋግጥ።

የሦስት ልጆች እናት፦ መምህር፣ ስም ስም የሚሉት ምንድነው? የልጄ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪና የ12ኛው ምዝገባ በአንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል ይለያያሉ። ችግር አለው?

መምህሩ፦ እርስዎን ነበር የምጠብቀው! አለው እናቴ፣ በጣም አለው። የእኛ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ መልኩ ብዙ ነው። «ፀሐይ» የምትባል ልጅ ሚኒስትሪዋ ላይ በ«ቲ» እና በ«ኤስ» ትጀምራለች፣ 12ኛ ላይ መዝጋቢው በ«ኤስ» ብቻ ይጽፋታል፣ ትራንስክሪፕቷ ላይ አያቷ ይቀራሉ። ዩኒቨርሲቲ ስትሄድ የሚጠየቁት እነዚሁ ሦስት ወረቀቶች ናቸው፤ ሬጅስትራር መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸውና «ይቺ ማናት?» ይላል። በምዝገባ ጊዜ ከሆነ በአንድ ቀን ይስተካከላል። ሰርተፊኬት ከታተመ በኋላ ግን ከትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ ከዚያ ወረዳ፣ ከዚያ አዲስ አበባ፤ ልጅቷ ጊቢ መግቢያዋ ያልፍባታል። ዛሬውኑ ሦስቱንም ይዘው ትምህርት ቤቱ ይሂዱ፤ ጾታው፣ ፎቶው፣ ናቹራል ወይ ሶሻል የሚለውም ይታይ። መዝጋቢው «ችግር የለውም» ካለዎት አይመኑት። እኔም ብዬ አውቃለሁ፤ ያልኩት ስላመሸ ነበር።

የነገው ሐኪም፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መግባት እፈልጋለሁ፣ እንዴት ነው?

መምህሩ፦ ራስ ገዝ ሆኗል፤ መግቢያውን ራሱ ያወጣል። ማስታወቂያውን አንብብ።

ደጋሚ፦ 50 ካልሞላልኝ የግል ኮሌጅ ብገባስ?

መምህሩ፦ ለዲግሪ ከሆነ የግሉም ያው መቁረጫ ነው። «እኛ ጋ ያለ ውጤት ይገባል» የሚልህን ገንዘብ ሳትከፍል ሽሸው።

የ86 ማትሪክ፦ የ10ኛ ክፍል ፈተናስ ለምን ቀረ? እሱ ነበር ልጁን ቀድሞ የሚያበጥረው።

መምህሩ፦ በ2011 ነው ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው ጋሼ። ክርክሩን ሌላ ቀን።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም መምህር፣ 50 የሚባለው በየትምህርቱ ነው?

መምህሩ፦ የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር፤ ከላይ አለልህ። ይልቅ የሚኒስትሪ ካርድህን አውጣ። ስምህ በእንግሊዝኛ በምን ፊደል ይጀምራል?

አዲስ ገቢ፦ ቆይ ልፈልገው።

መምህሩ፦ እጠብቅሃለሁ።