«ጉድ ላክ» ሲጻፍ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ መምህር፣ እህቴ የ12ኛ ክፍል ፈተና ልትፈተን ነው። «አይ ዊሽ ዩ ኤ ጉድ ላክ» ብዬ ልጽፍላት ስል ጓደኛዬ ስሕተት አለው አለኝ። የቱ ጋ ነው?

መልስ፦ «ኤ»ዋ ናት፤ አውጣት። «ላክ» እንደ ውሃና እንደ ዱቄት ነው፣ አይቆጠርም። «አይ ዊሽ ዩ ሃቭ ጉድ ላክ»ም አይሆንም። «ሃቭ» ካማረህ በ«ዊሽ» ፈንታ «ሆፕ» በል። (በእኛ ፊደል ሲነበብ «ጉድ ላክ» ራሱ ትእዛዝ ይመስላል፤ ምን ይደረግ።)

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ «ቤስት ኦፍ ላክ» ነው ወይስ «ዘ ቤስት ኦፍ ላክ»?

መልስ፦ ብቻውን ከቆመ ያለ «ዘ» ይበቃል። ከ«አይ ዊሽ ዩ» በኋላ ከመጣ ግን «ዘ» የግድ ነው።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ ጓደኛዬ ሎተሪ ደረሰውና «ሂ ሃዝ ቻንስ» ብዬ ጻፍኩ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ አይደለህም፤ ይህ የብዙዎቻችን ስሕተት ነው። እኛ «ቻንስ አለው» ስንል ዕድለኛ ነው ማለታችን ነው። እንግሊዝኛው «ቻንስ» ግን ገና ያልሆነን ነገር የመሆን ተስፋ ያሳያል፤ «ሂ ሃዝ ኤ ጉድ ቻንስ» ብትል የሚሰማው ሰው «የምን?» ብሎ ይጠይቅሃል። ለደረሰው ሰው «ሂ ኢዝ ላኪ» በል። «ሂ ኢዝ ላክ» ካልክ ደግሞ ልጁን ራሱን ዕድል አደረግኸው። «ባይ ቻንስ» ሌላ ነው፣ በአጋጣሚ ማለት ነው።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ ከ«ጉድ ላክ» ኋላ «ዊዝ» ነው «ፎር»?

መልስ፦ ለሥራና ለፈተና «ዊዝ» አያሳፍርም፦ «ጉድ ላክ ዊዝ ዩር ኤግዛም»። አሜሪካኖች ለፈተና «ኦን»ም ይላሉ። «ፎር» ለቀኑ ይሆናል፦ «ጉድ ላክ ፎር ቱሞሮው»። ለሰው ከሆነ «ቱ»።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ አንድ ላይ ይጻፋል?

መልስ፦ አይጻፍም፣ ሁለት ቃል ነው። ሲገጥም የሰው ስም ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2015 ናይጄሪያን የመሩት ጉድላክ ጆናታን ናቸው። ከኋላው የሰው ስም ካስከተልሽ በመካከል ኮማ አድርጊ።

ጥያቄ (ከቢቸና)፦ ለአለቃዬ «ጉድ ላክ ዊዝ ዛት» ብዬ ብልክ ነውር አለው?

መልስ፦ ተው! የቅኔ አገር ዲማ አጠገብ ያለ ሰው ሰምና ወርቅ አይጠፋውም። ሰሙ ምኞት ነው፤ ወርቁ ብዙ ጊዜ «አይሳካልህም፣ እስቲ እናያለን» ነው። ለአለቃ «አይ ዊሽ ዩ ኤቭሪ ሰክሰስ» ይሻላል። «ሰክሰስ» ላይ «ሲ»ም ሁለት፣ መጨረሻ ላይ «ኤስ»ም ሁለት ናቸው።