ለቦረቦር ሥራ የወረዳ በጀት ለጠየቅከው ወንድሜ

«የቀበሌያችን ተፋሰስ ኮሚቴ ለቦረቦር ሥራ ከወረዳ በጀት እንዴት ያገኛል?» ብለሃል። እኔ የእኛ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ሁለት ዓመት ተመላልሼበታለሁ፤ እኔ የተቃጠልኩበት አንተን እንዳያቃጥልህ ልንገርህ።

1. ዕቅዳችሁ ሐምሌ ሳይገባ ይድረስ። በጀት ከጸደቀ በኋላ ከሄዳችሁ «ለሚቀጥለው ዓመት» ነው የምትባሉት። ቦረቦሩን ብቻ ነጥላችሁ አታቅርቡ፤ ተፋሰሱ፣ ማለትም ጎርፉ ተሰብስቦ ወደ ቦረቦሩ የሚወርድበት መሬት፣ በሙሉ ይታይ። የግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር በ1997 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ የማኅበረሰብ ተፋሰስን ከ200 እስከ 500 ሄክታር አድርጎ ነው የሚያስበው።

2. ለጉልበትና ለድንጋይ ብር አትጠይቁ። ሕዝቡ በጥርና በየካቲት ዘመቻ የሚወጣውን ቀን ቆጥራችሁ የማኅበረሰብ ድርሻ ብላችሁ አስገቡት። የምትጠይቁት የጋቢዮን ሽቦ ይሁን፤ ድንጋይ ተሞልቶበት ቦረቦሩን የሚያግደው የሽቦ ሳጥን ማለቴ ነው።

3. ሰኔ 30፣ የበጀት ዓመቱ የሚዘጋበት ቀን። እኛ የተቃጠልነው እዚህ ላይ ነው። በጀታችን ጸደቀ ተባልንና ሽቦው እስኪመጣ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ለካ መጽደቅና መውጣት ለየቅል ናቸው! የግዥ ጥያቄ በጽሑፍ መቅረብ ነበረበት፤ የነገረን ግን የለም። ግንቦት ላይ ስንሄድ አንዱ ኃላፊ ቃለ ጉባኤያችንን ገለጠና የሁለት አባላት ፊርማ ጎድሏል ብሎ መለሰን። አስፈርመን ስንመጣ ስብሰባ ላይ ነው። ሌላ ቀን ስናገኘው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን «እናንተ ድንጋዩን ልቀሙ፣ ወረቀቱን ለእኛ ተዉት» አለን። አጠገቤ የቆሙት የኮሚቴያችን ሽማግሌ ሁለት ሰዓት በእግራቸው መጥተው ነው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሰኔ 30 አለፈ፤ ያልወጣው ገንዘብ ተመላሽ ሆነ። በዚያ ክረምት ቦረቦሩ የአንዲት እናት ጤፍ ማሳ ውስጥ ገባ። ድንበሯ ላይ የነበረው ግራር ግማሽ ሥሩ ተራቁቶ አየር ላይ ተንጠልጥሎ አየሁት።

በሚቀጥለው ዓመት ከመስከረም ጀምሬ በየአሥራ አምስት ቀኑ ወረዳ ነበርኩ። ደብዳቤ ባስገባሁ ቁጥር በእጄ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፌ ማኅተም አስመታለሁ። አልደረሰንም ማለት ቀረ። ሽቦው ታኅሣሥ ላይ ገባ።

ገብቶም ወዲያው አልዘረጋነውም። መጀመሪያ ላይኛውን ተዳፋት እርከን ሠራን፤ ጎርፉ ከላይ ካልበረደ ታች ቦረቦሩ ውስጥ የሚሠራውን ክትር፣ ማለትም የጎርፍ ማገጃውን፣ ጠርጎት ይሄዳል። ክትሮቹን ስትደረድሩ የታችኛው ክትር ውሃ ማፍሰሻ ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ከፍታ ይሁን፤ የልማት ሠራተኛው በውሃ ልክ ይለካላችሁ። የእኛዎቹ ሁለት ክረምት ተሻግረዋል፤ ደለሉ ላይ የተከልነው የዝሆን ሣር ዘንድሮ ለከብቶቹ ታጨደ።

ማኅተም ያረፈባቸው ደብዳቤዎች እኔ ጋ አሉ። ናሙና ከፈለግህ ስሞቹን ሸፍኜ እዚሁ እለጥፍልሃለሁ።