መልስ፦ ሀገርም ዋጋም ያልተጻፈባት ቢጫ ሳንቲም

ወንድሜ፣ በርካሽ ከገዛኸው የውጭ ሳንቲም መሃል ወጥታ ምን እንደሆነች የጠየቅኸኝ ቢጫ ነገር ገንዘብ አይደለችም። የኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ቶከን ናት፤ ማለትም በቲኬት ፋንታ የምታገለግል፣ ሳንቲም የምትመስል ብረት። የላክኸውን ፎቶ ሳሰፋው «ኤን፣ ዋይ፣ ሲ» የሚሉት ፊደላት በደንብ ታዩኝ። ዓይንህን የሳበው ቀዳዳ የ«ዋይ»ን ቅርጽ ለማውጣት ሆን ተብሎ የተበሳ ነው። ጀርባዋ ላይ ያለው ጽሑፍ «ለአንድ ጉዞ ታገለግላለች» እንደማለት ነው።

አመጣጧ ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1953 የባቡሩ ታሪፍ ከ10 ወደ 15 የአሜሪካ ሳንቲም ጨመረ። ጣቢያው መግቢያ ላይ የነበረው ማሽን ደግሞ አንድ ፍሬ ሳንቲም ብቻ ነበር የሚውጠው፤ ባለ 15 ሳንቲም የሚባል ፍሬ አሜሪካ የላትም። በቃ፣ ቶከን ተሠራ።

አሁን ማስመሪያ አምጣና ለካት። ስፋቷ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ የ1953ቷ ናት። ወደ 23 ከተጠጋ በ1970 የመጣችው ትልቋ ናት። ቶከን ጭራሽ የቀረው በ2003 ነው።

ዋጋዋን ብዙ አትጠብቅ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ነው የተመረተው። ብቻ በሎሚና በአመድ እንዳትፈትጋት! እኔ አንዷን እንደዚያ አብለጭልጬ አበላሽቻታለሁ፤ አሁን የቁልፍ መያዣዬ ናት።