ለቺፕቲውን ነጻ የሳምፕል መሣሪያ፦ የቱን ላውርድ፣ የቱን ራሴ ልሥራ?

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ቺፕቲውን፣ ማለትም የድሮ ጌም ሙዚቃ የሚመስል ነገር መሥራት ትፈልጋለህ። ገንዘብ ሳታወጣ ከየትኞቹ የሳምፕል (የተቀረጸ አጭር ድምፅ የሚያጫውቱ) ቨርቹዋል መሣሪያዎች መጀመር እንዳለብህ ጠይቀሃል። 2 ጊጋባይት የሚሆን ጥቅል አውርደህም "አሁንም ኪቦርድ ኪቦርድ ይላል" ብለሃል። እኔም እዚያው ቦታ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ተገትሬ ነበር፤ ስለዚህ መልሴ ትንሽ ቢረዝም ታገሠኝ።

መጀመሪያ ያን 2 ጊጋባይት እንየው። ሱፐር ፋሚኮም የሚባለው የኒንቴንዶ ጌም ማጫወቻ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲወጣ ለድምፅ የተመደበለት ሜሞሪ 64 ኪሎባይት ነበር። የመሣሪያዎቹ ሳምፕሎች፣ ኖታው፣ ሙዚቃውን የሚያጫውተው ፕሮግራም፣ ሁሉም እዚያች ውስጥ ተጠቅጥቀው ይገቡ ነበር። በ1983 የወጣው ፋሚኮም ደግሞ ለሳምፕል የነበረችው አንዲት መስመር ብቻ ናት። ሌላውን ድምፅ ቺፑ ራሱ እዚያው ያመነጨዋል፦ ሁለት የካሬ ሞገድ፣ አንድ የሦስት ማዕዘን፣ አንድ የጫጫታ። በእጅ የሚያዘው የ1989ኙ ጌም ቦይም የቅርብ ዘመዱ ነው። የ1982ቱ ኮምፒውተር ኮሞዶር 64 ሦስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ግን ፊልተር (የድምፁን ከፊል የሚያጣራ) አለው፣ ለዚህ ነው ድምፁ ወፈር የሚለው።

ከዚህ ተነስቼ ለራሴ አንድ ደንብ አወጣሁ። ድሮም በሳምፕል ይሠራ የነበረውን በሳምፕል እሠራለሁ። ቺፑ ያመነጨው የነበረውን ደግሞ በሚያመነጭ ፕለጊን (በሙዚቃ ፕሮግራምህ ውስጥ የሚጫን ተጨማሪ መሣሪያ)። የሱፐር ፋሚኮምና የአሚጋ ኮምፒውተር ዓይነት ድምፅ ከፈለግህ ሳምፕል ትክክለኛው መንገድ ነው፤ የአሚጋ አራት መስመሮች 8 ቢት ሳምፕል ነበር የሚያጫውቱት። የፋሚኮም ፒፕ ፒፕ የሚል ድምፅ ከሆነ ግን በሳምፕል መድከም የለብህም።

ለማመንጨት ሁለት ነገር አውርድ። አንደኛው ማጂካል ኤይት ቢት ፕለግ ነው፤ ዋይ.ኤም.ሲ.ኬ. የሚባለው የጃፓን ባንድ በነጻ የለቀቀው። ካሬ፣ ሦስት ማዕዘን፣ ሁለት ዓይነት ጫጫታ፣ በቃ። ሁለተኛው የሶካላብስ ፕለጊኖች ናቸው፤ የጌም ቦይን፣ የፋሚኮምንና የኮሞዶር 64ን ቺፖች ለየብቻ ያስመስላሉ፣ እነሱም ነጻ ናቸው። ፊታቸው አያምርም። ሥራቸው ግን ያምራል።

ለሳምፕሉ ደግሞ ስፎርዛንዶን ጫን። ነጻ ሳምፕለር (ሳምፕል የሚያጫውት ፕለጊን) ነው፤ የኤስ.ኤፍ.ዜድ ፋይል ያጫውታል፣ ሳውንድፎንት የሚባለውን የሳምፕል ጥቅል ፋይልም ቀይሮ ይከፍትልሃል። ዲሰንት ሳምፕለርም ነጻ ነው፣ ግን የራሱን ዓይነት ፋይል ነው የሚወደው። የሳውንድፎንት ሆድ ዕቃ ከፍተህ ማየት ካማረህ ፖሊፎን አለልህ። ምን ልጫንበት ካልክ፣ አድቬንቸር ኪድ በሚል ስም የሚታወቅ ከ4000 በላይ ነጠላ ዙር ሞገዶች (አንድ ዙር ብቻ ሆነው ተደጋግመው የሚጫወቱ) ያሉበት ነጻ ስብስብ አለ። እያንዳንዱ ፋይል 600 ነጥብ ብቻ ነው። 44100ን (በሰከንድ የሚጫወቱትን ነጥቦች ብዛት) ለ600 ስታካፍል 73.5 ኸርዝ ይመጣል፤ ይህ ማለት ከዝቅተኛው ዲ ኖታ ጋር ለጥቂት የሚገጥም ነው። ስለዚህ ፋይሉን ስትጭን መነሻ ኖታውን ዲ አድርገው፤ አለበለዚያ ዘፈንህ በሙሉ ከቁልፍ ውጭ ይሆናል። እኔ መጀመሪያ ሲ አድርጌው ግማሽ ቀን "ፕለጊኑ ተበላሽቷል" ብዬ ስሳደብ ዋልኩ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። የራስህን ሳምፕል ራስህ ሥራ። ቀልዴን አይደለም፤ የካሬ ሞገድ ለመሥራት ማይክ አያስፈልግም። ኦዳሲቲ የሚባለውን የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ክፈት፣ 44100 ላይ አንድ ሞኖ ትራክ ፍጠር፣ ነጥቦቹ አንድ በአንድ እስኪታዩህ አጉላው፣ ከዚያ በእርሳሱ ሣለው። ጠቅላላው 200 ነጥብ ይሁን። 25ቱን ከላይ 0.5 ላይ፣ የቀሩትን 175 ከታች -0.5 ላይ። ይህ ስምንተኛ እጁን ብቻ ከላይ የሚቆይ ሞገድ ነው፤ ያቺ ቀጭን፣ በአፍንጫ የምትዘፍን የምትመስል የፋሚኮም ድምፅ። 50 ለ150 ብታደርገው ወፈር ይላል፣ 100 ለ100 ብታደርገው ደግሞ ክፍት ይሆናል። 200 ነጥብ ማለት 220.5 ኸርዝ ነው፤ በሚዲ (ኮምፒውተሩ ኖታዎችን በቁጥር የሚለይበት ሥርዓት) ቁጥር 57 የሆነው ኤ ኖታ። አራት ሴንት (ሴንት የግማሽ ቶን መቶኛ ነው) ያህል ከፍ ስለሚል በማስተካከያው ዝቅ አድርገው።

እዚህ ጋ አንድ ጉድ ገጥሞኛል። ሳምፕሉን ሠራሁ፣ ሳያቋርጥ እንዲደጋገም ሉፕ አደረግሁት፣ ድምፁ ልክ ነው። ግን እያንዳንዱ ኖታ ሲጀምርና ሲያልቅ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ሉፑን ሃያ ጊዜ አስተካከልኩት፣ ምንም ለውጥ የለም። ለካ ጥፋቱ ሉፑ ላይ አልነበረም። 25 ነጥብ ከላይ፣ 175 ከታች ሲሆን የሞገዱ አማካይ ዜሮ አይሆንም፤ ወደ -0.375 ይወርዳል። ኖታው በተጀመረ ቁጥር ድምፁ ከዜሮ ተነስቶ ወደዚያ ይወድቃል፣ ሲያልቅ ደግሞ ይዘላል። ጠቅ የሚለው እሱ ነው። የኦዳሲቲ ኖርማላይዝ ውስጥ ይህን የሚያስተካክል ምልክት ማድረጊያ አለ። ካስተካከለው በኋላ የላይኛው 0.875፣ የታችኛው -0.125 ይሆናል፤ ስታየው የተንጋደደ ይመስላል፣ ስትሰማው ግን ጸጥ ብሏል። ሲበቃህ ዙሩን 100 ጊዜ ድገመውና አስቀምጠው፤ አንዳንድ ሳምፕለሮች በጣም አጭር ሉፕ ሲሰጣቸው ይደነብራሉ።

አንዷን ሳምፕል በሙሉ ኪቦርዱ ላይ አትዘርጋት። ወደ ታች ስትጎትታት ትደነዝዛለች፣ ወደ ላይ ስትጎትታት ደግሞ ከኋላ የሆነ ፉጨት ይመጣል። ለየኦክታቩ አንድ አንድ ሥራ፦ 400 ነጥብ፣ 200፣ 100። 100 ላይ ስምንተኛው እጅ 12 ተኩል ስለሚሆን 12 ወይም 13 አድርገው። ማንም አይለይብህም።

ጫጫታው ሌላ ጣጣ ነው። ሳምፕል የተደረገ ስኔር ወደ ታች ስትወርድበት ይረዝማል፣ ወደ ላይ ስትወጣ ያጥራል። በቺፑ ላይ ግን የጫጫታው ውፍረትና ርዝመት አይገናኙም፤ ርዝመቱን የሚወስነው ድምፁን የሚቀንሰው ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ረጅም ጫጫታ ሉፕ አድርግና ርዝመቱን በሳምፕለሩ ኤንቨሎፕ (ድምፁ እንዴት ተነስቶ እንደሚጠፋ በሚወስነው ክፍል) ቁረጠው። ይህን ካደረግህ በኋላ ከአንዲት ፋይል ኪክም፣ ስኔርም፣ ሃይሃትም ይወጣልሃል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ አሁንም "ኪቦርድ ኪቦርድ" ካለህ፣ ችግሩ አጨዋወትህ ላይ ነው። ያወረድከው ጥቅል በአንዴ ስምንት ጣት ያስጫውትሃል፣ ፋሚኮም ግን ሁለት የካሬ መስመር ብቻ ነው ያለው። አንዱ ዜማ ከያዘ ለኮርድ የሚተርፈው አንድ ነው። ለዚህ ነው የዚያ ዘመን ሰዎች ኮርዱን በትነው ኖታዎቹን በጣም አፍጥነው እያፈራረቁ የሚጫወቱት። ያ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ የመጣው ከዚህ ነው። ፍጥነቱ ከቴሌቪዥኑ ምስል ጋር አብሮ ይሄዳል፤ በሰከንድ 60 ጊዜ፣ በአንዳንድ አገሮች 50። በ150 ቢፒኤም (በደቂቃ 150 ምት) ላይ አርፔጂዮህን (የተበተነውን ኮርድ) ሠላሳ ሁለተኛ ኖታ ላይ ብታደርገው እያንዳንዱ ኖታ በ60ው ስሌት ልክ ሦስት ምስል ያህል ይቆያል። ከዚያ ጀምርና በጆሮህ አስተካክል። ሳምፕለሩን ግን በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ ብቻ እንዲያጫውት (ሞኖ) አድርገው፣ ሪቨርቡንም ዝጋው።

ቤዙ ደግሞ የሦስት ማዕዘኑ ነው፤ እሱ በፋሚኮም ላይ ወይ ይጮኻል ወይ ዝም ይላል፣ መሃል የለውም። ስለዚህ ቬሎሲቲውን (የጣትህን ምት ጥንካሬ የሚከተለውን) አጥፋው፣ በየትኛውም ጣት ብትመታው እኩል ይውጣ። እኔ ይህቺን አንዲት ነገር ስቀይር ዘፈኔ ያን ቀን ሃያ ዓመት ወደ ኋላ የተመለሰ መሰለኝ።

ስለ ፈቃድ በአጭሩ። ከጌም ካርትሪጅ ተቀድተው የሚዞሩ ሳውንድፎንቶች ብዙ ናቸው። ለልምምድ ይሁን፤ የምትለቀው ሥራ ላይ ግን አብሮ የመጣውን የፈቃድ ጽሑፍ ሳታነብ አታስገባቸው። "ለንግድ አይሁን" የሚል ካየህ ተወው። በእርሳስ የሣልከው ካሬ የራስህ ነው።

አንድ ያልጠየቅኸኝ ነገር፦ የድሮ ነጻ ፕለጊኖች ብዙዎቹ 32 ቢት ናቸው፤ የአሁን ፕሮግራሞች ጭራሽ ላያዩዋቸው ይችላሉ። ጭነኸው ዝርዝሩ ውስጥ ካልመጣ ኮምፒውተርህን ፎርማት ከማድረግህ በፊት ይህን አጣራ። በምን ፕሮግራም እንደምትሠራም ጻፍልኝ፤ የሣልኳቸውን ሦስቱን ሞገዶች ለእሱ በሚሆን መልኩ አዘጋጅቼ እልክልሃለሁ።