ስታክ የሚያደርገው መቼ ነው?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ «ኮምፒውተሬ ስታክ ያደርጋል» ብለው ይጀምራሉ። አንዱን የፈወሰው መፍትሔ ሌላውን ምንም አይጠቅመውም። ስለዚህ ለሁሉም መልሼ የማነሳው አንድ ጥያቄ ነው፦ ስታክ የሚያደርገው መቼ ነው? ምን ሲሠሩበት?

ጥያቄ፦ ላፕቶፔን ጠዋት ስከፍተው ዐሥር ደቂቃ ያህል አይታዘዘኝም። አንድ የዎርድ ፋይል ለመክፈት እንኳ ብዙ ያስጠብቀኛል። «ራም ጨምር» ተብያለሁ፤ ያለኝ 8 ጊጋባይት ነው። ልጨምር?

መልስ፦ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ማሽኑ ምን እየጠበቀ እንደሆነ እንይ። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር የተባለው፣ ማሽኑ በምን እንደተጠመደ የሚያሳየው መስኮት ይከፈታል። ልክ በተንቀራፈፈበት ሰዓት ይክፈቱትና ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ)፣ ሜሞሪ (የተከፈተው ሥራ ለጊዜው የሚቀመጥበት ራም) እና ዲስክ የሚሉትን ያነጻጽሩ። እንደ ግምቴ ሲፒዩው 10 ወይም 15 በመቶ ላይ ሆኖ ዲስኩን 100 በመቶ ላይ ያገኙታል። ፕሮሰሰሩ ዳታ እስኪመጣለት ሥራ ፈትቶ ቆሟል ማለት ነው።

ሃርድ ዲስክ ውስጥ ያለው የሚሽከረከር ሳህን ነው፤ የላፕቶፖች አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል። የማንበቢያው ክንድ ወደ ቦታው እስኪሄድና ሳህኑ እስኪዞርለት ከ10 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጃል። ሲሰላ በሰከንድ መቶ ንባብ እንኳ አይሞላም። ዊንዶውስ ሲነሣ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ይፈልጋል፤ ጸረ ቫይረሱም፣ አፕዴቱም፣ እርስዎ የከፈቱት ዎርድም ያችኑ አንዲት ክንድ ይጠብቃሉ። ኤስኤስዲ የተባለው የዲስክ ዓይነት የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ያንኑ ንባብ ከአንድ ሚሊሰከንድ በታች ይጨርሳል። እንግዲህ ዲስክዎ የሚሽከረከር ዓይነት ከሆነ በኤስኤስዲ ያስቀይሩት፤ ራሙ ይቆይ። ዕድሜ በጠገበ ላፕቶፕ ላይ ይህን ያህል ለውጥ ሲያመጣ ያየሁት ሌላ ነገር የለም።

አንድ ነገር ግን እለምንዎታለሁ። ዲስኩ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ወይም ፋይል ሲገለብጡ ለብዙ ሰከንድ ቀጥ የሚል ከሆነ፣ እየሞተ ሊሆን ይችላል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ነፃ ፕሮግራም የዲስኩን ጤንነት ያሳያል። ቢጫ ወይም ቀይ ካዩ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትተው ፎቶዎችዎንና ሰነዶችዎን ወዲያውኑ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። በጥገና ፕሮግራም ሲታገሉ የልጆቻቸውን ፎቶ ያጡ ሰዎች አውቃለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። ላፕቶፔ ለሃያ ደቂቃ ጥሩ ይሠራል፤ ከዚያ ቪዲዮው መቆራረጥ፣ የምጽፈው ፊደልም ዘግይቶ መምጣት ይጀምራል። አጥፍቼ ሳቆየው ይሻለዋል። ቫይረስ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ «አጥፍቼ ሳቆየው ይሻለዋል» ማለትሽ ብዙ ይነግረኛል፤ የምጠረጥረው ሙቀት ነው። ፕሮሰሰር ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ እንዳይጎዳ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ታስክ ማናጀር ውስጥ የሲፒዩውን ፍጥነት በጊጋኸርዝ ታገኚዋለሽ። መጀመሪያ ላይ 3 ገደማ የነበረው፣ ሥራ እየበዛበት ሳለ ወደ 1 ከወረደ ጥርጣሬዬ ትክክል ነው። አልጋና ብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጪው፤ አየር መሳቢያው ከሥር ይደፈናል። ከዚያ አጥፍተሽ፣ ቻርጀሩን ነቅለሽ፣ ፋኑ ላይ የተጋገረውን አቧራ አስነፊው፤ ሲነፋ ፋኑ እንዳይሽከረከር በቀጭን እንጨት ይያዝ። ካልተሻለው ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ቴርማል ፔስት) ደርቆ ይሆናልና ባለሙያ ይቀይርልሽ። የሌላ ላፕቶፕ ቻርጀር የምትጠቀሚ ከሆነም አስቢበት፤ ዋቱ ያነሰ ቻርጀር አንዳንድ ላፕቶፖችን እንዲሁ ያዘገያቸዋል።

ጥያቄ፦ ሁሉም ነገር ደህና ነው፤ ገመድ አልባው ማውስ ብቻ እየዘለለ ያስቸግረኛል። የሚብሰው ደግሞ ከኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ፋይል ስገለብጥ ነው።

መልስ፦ መቼ እንደሚብስ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፤ ሥራዬን አቀለሉልኝ። ዩኤስቢ 3 ዳታ ሲያስተላልፍ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ጫጫታ ይለቃል፤ ኮምፒውተሩ ላይ የምትሰካው የአብዛኞቹ ገመድ አልባ ማውሶች መቀበያም የሚያዳምጠው በዚያው ሞገድ ነው። ኢንቴል ይህንን እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ በልኬት አሳይቷል። መቀበያዋን ከዲስኩ ርቃ በሌላኛው ጎን ይሰኳት፤ ቦታ ከሌለ በአጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ያርቋት።

ጥያቄ፦ 4 ጊጋባይት ራም አለኝ፤ ብሮውዘር ላይ ሠላሳ ታብ እከፍታለሁ። ራም የሚያጸዳ ፕሮግራም ጫንኩ፣ ግን ባሰበት።

መልስ፦ አጥፋው ወንድሜ። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ራም ላይ ያለውን ወደ ዲስክ ይገፋና ቦታ የተገኘ ያስመስላል፤ ወደ ታቡ ስትመለስ ግን ሁሉም ከዲስክ እንደገና ይነበባል። ስታክ የሚያደርግብህም ያኔ ነው። ክሮም ላይ የማትጠቀምባቸውን ታቦች የሚያሳርፈውን ሜሞሪ ሴቨር የሚለውን አብራ፣ የማትፈልጋቸውን ታቦች ዝጋ። ለመጀመሪያው ጠያቂ ካልኩት በተቃራኒ ላንተ ራም መጨመር ተገቢ ነው፤ ለዛሬ ሥራ 4 ጊጋባይት በእርግጥ ያንሳል።

ጥያቄ፦ ባለሙያው ሳያየው «ፎርማት ይደረግ» አለኝ። ልስማማ?

መልስ፦ አሁን አይስማሙ። ፎርማት ማለት ዲስኩን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው፤ አቧራ አይጠርግም፣ የሚሞት ዲስክም አያድንም። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብረው የሚከፈቱትን ፕሮግራሞች ይቀንሱ፤ ጸረ ቫይረስ ሁለት ካለዎት አንዱን ያንሡ። በመጨረሻ ፎርማት የግድ ከሆነም ዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ፣ ማሽኑ ከቻለ 11 ይጫንልዎት። ከሁሉ በፊት ግን ባለሙያውን ይጠይቁት፦ ስታክ ሲያደርግ ታስክ ማናጀር ላይ የሚሞላው የትኛው ነው?